ገጽ ሳይጻፍ፦ ከብራና መስመር እስከ ዋየርፍሬም

ስለ ድረ ገጽ ስናወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣልን ቀለሙና ሥዕሉ ነው። ገጹ ያምራል ወይስ አያምርም? ፎቶግራፉ ተለቅ ይበል ወይስ አነስ? ከዚህ ሁሉ በፊት ስለሚመጣው ጥያቄ፣ ማለትም ምኑ ከምኑ ጋር ይቀመጥ፣ ምን ተብሎ ይጠራ፣ አንባቢውስ በየት ገብቶ በየት በኩል ይድረስበት ስለሚለው የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ጭንቀት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ የመረጃ ሥነ ሕንጻ ይሉታል። የሙያው የዕለት ተዕለት ሥራ ደግሞ ዋየርፍሬም የሚባለውን ንድፍ ማውጣት ነው። ቃሉን በቁሙ ከወሰድነው የሽቦ አጽም እንደ ማለት ነው፤ ቀለም የለበትም፣ ሥዕል የለበትም፣ ሳጥንና መስመር ጥቂት ቃላትም ብቻ ናቸው።

እኛ ከታሪክና ከቋንቋ ክፍል መጥተን ይህን ትምህርት ስንጀምር የተነገረን ነገር ቢኖር፣ ሙያው ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ እኛም ከባዶ ተነሥተን የምንማረው አዲስ ጥበብ መሆኑ ነበር። በዚህች ጽሑፍ የምንሟገተው ከዚህ አባባል ጋር ነው። ሙግቱ እንዲያው ለሙግት ያህል አይደለም። አንድን ጥበብ የሰው ነው፣ አዲስ ነው ብሎ የተቀበለ ተማሪ የተሰጠውን ቅርጽ እንዳለ ይገለብጣል፤ መገልበጡ የሚያስከትለውንም ጣጣ ወደ ኋላ ላይ እናየዋለን። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይኸም ራሱ አንድ ነገር ነው፣ እንመለስበታለን።)

እስቲ ከቅርባችን እንጀምር። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነ በኋላ ቁም ጸሐፊው ወዲያው ብዕር አንሥቶ መጻፍ ይጀምራል ብሎ የሚያስብ አለ። አይጀምርም። ቅጠሉን በልክ ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ ይደራርባል። ከዚያ በገጹ ዳርና ዳር በወስፌ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይወጋል። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ደግሞ ጫፉ ባልሰላ መሣሪያ፣ ያለ ምንም ቀለም ያሰምራል። መስመሩ የቆዳው ስርጉድ ብቻ ነው፤ መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ልብ አይለውም፤ ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ግን ይታያል። ስንት ዓምድ ይኑር፣ በአንድ ገጽ ስንት መስመር ይግባ፣ ኅዳጉ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ሁሉ አንድ ፊደል እንኳ ሳይጻፍ ያለቀ ጉዳይ ነው። እኛ ዛሬ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ግራጫ ሳጥን ደርድረን «ይህ ዋየርፍሬም ነው» ስንል፣ ያ ጸሐፊ በወስፌው ከሠራው ሥራ በዓይነቱ የተለየ ነገር አናደርግም።

ዓምዱ የሚወሰነውም ለጌጥ አይደለም። ትልቅ መጽሐፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይጻፋል። የዳዊት መዝሙር ግን በአንድ ዓምድ ነው የሚጻፈው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር መቆም አለበት። ስንኙ ረዝሞ መስመሩ አልበቃ ሲል የተረፈችው ቃል ከበላይ ወይም ከበታች በኩል ትጠጋለች እንጂ የሌላውን ስንኝ መስመር አትወስድም። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ውዳሴ ማርያም ሲጀምር ደግሞ ገጹ ወደ ሁለት ዓምድ ይለወጣል፤ አንባቢው ሳያነብ ገና ከቅርጹ ብቻ ሌላ ክፍል ውስጥ መግባቱን ያውቃል። በብዙ የዳዊት ብራናዎች ላይ በየአሥሩ መዝሙር የጌጥ መስመር ተሰምሮ እናገኛለን፤ ይኸም ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ለሚደግመው ሰው የመንገድ ምልክት ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ላቲኖቹ አንቀጽ በትልቅ ፊደል ሲከፍቱ የእኛ ጸሐፊ ቀይ ቀለም ያነሣል። የክፍሉ መክፈቻ በቀይ፣ የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ። የመጽሐፉ አናት ላይ ደግሞ ሐረግ ይሣላል፤ ሐረግ ያለበት ገጽ መግቢያ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኛን በጣም የገረመን ሌላ ነው። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሬዲዮካርቦን ተመርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መዘጋጀታቸው ታውቋል፤ ሥዕል ያለባቸው ሙሉ ወንጌሎች ሆነው እስካሁን ከቆዩት የዓለም መጻሕፍት መካከል ጥንታውያን ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት ሲገለጡ መጀመሪያ የሚታየው ወንጌሉ አይደለም። ባለ ቀስት ደጃፍ የሚመስሉ፣ በአዕማድ የተደገፉ ያማሩ ገጾች ናቸው፤ በአዕማዱ መካከልም ቁጥር ብቻ ተደርድሯል። ሥዕሉን ያየ ሰው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጌጥ ግን አይደለም፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራቱ ወንጌላት እየተቆራረጡ ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ተሰጥቷል፤ ጠቅላላው ከ1100 በላይ ይሆናል። በገጹ ኅዳግ ላይ የክፍሉ ቁጥር ተጽፎ ከሥሩ ሌላ ቁጥር ይደረጋል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር አንባቢውን ከአሥሩ ሰንጠረዦች ወደ አንዱ ይልከዋል። አንደኛው ሰንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የሚናገሩትን ይይዛል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሦስቱ የሚስማሙበትን፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሁለቱ የሚስማሙበትን፣ አሥረኛው እያንዳንዱ ለብቻው የጻፈውን። ስለዚህ በማቴዎስ ያነበቡትን ታሪክ ሉቃስ ደግሞ እንዴት እንደጻፈው ለማየት ከፈለጉ ኅዳጉን አይተው፣ ወደ ሰንጠረዡ ሄደው፣ በረድፉ የሉቃስን ቁጥር አግኝተው፣ ወደ ሉቃስ ይዘላሉ። ከጽሑፉ አንዲት ቃል ሳትነካ፣ የአንዱም ወንጌል ቅደም ተከተል ሳይፈርስ፣ አራት መጻሕፍት እርስ በርስ ተሳሰሩ። ዛሬ ሊንክ የምንለው ነገር ከዚህ በምን ይለያል? በጣት ስለሚነካ? መቼም ፍጥነቱን አንክድም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ እኛም አገር ከ1300 ዓመት በላይ ተቀምጧል። ይህን ስንል «ሁሉ ከእኛ ነው የተጀመረው» የሚለውን የተለመደ ፉከራ ለመድገም አይደለም፤ ሰንጠረዡ ከግሪክኛ የተተረጎመ ነው። የምንለው፣ መሣሪያው በእጃችን እንደነበረና ሊቃውንቱም አንባቢን ስለ መምራት አጥብቀው እንዳሰቡ ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ስንሻገር ታሪኩ በአብዛኛው የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ነው። የእስክንድርያው ካሊማኮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን 120 ጥቅል የፈጀ የደራስያንና የሥራዎቻቸው ዝርዝር እንዳዘጋጀ ይነገራል፤ ሥራው ራሱ ጠፍቶ ቁርጥራጭ ብቻ ቀርቷል። ብዙ ዘመን ዘልለን ፈረንሳይ እንግባ። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት ሲወርስ ይህ ሁሉ መጽሐፍ በምን ይመዝገብ የሚል ጥያቄ መጣ፤ በ1791 የወጣው መመሪያ መልሱን በቁማር ካርታ አገኘው። በዚያ ዘመን የካርታው ጀርባ ባዶ ነበርና በእያንዳንዱ ካርታ ጀርባ አንድ መጽሐፍ ይጻፍበት ተባለ። አርእስታቸው ረጅም ለሆኑት መጻሕፍት ደግሞ ፊታቸውም ብዙ ባዶ ቦታ ያላቸው አሶቹና ሁለቶቹ ተለይተው ተቀመጡ። ካርታ መልካም መሣሪያ ነው፤ ይነሣል፣ ይቀያየራል፣ መካከሉ ሌላ ይገባበታል። በመዝገብ የተጻፈ ዝርዝር ግን አንድ መጽሐፍ ሲጨመር ሁሉ ይበላሻል።

ከዚያ ዲዊ መጣ። ሜልቪል ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ በ1876 ያሳተማት የ44 ገጽ መጽሐፍ የሰውን ልጅ ዕውቀት ሁሉ ለአሥር ከፈለች፤ እያንዳንዱን አሥር እንደገና ለአሥር፣ ያንንም ለአሥር። ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የመጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር አይታችሁ ከሆነ የዚህን ሰውዬ እጅ አይታችኋል። ቀላል ነው፣ ያለ ማቋረጥ ያድጋል፣ ማንም ይማረዋል። ነገር ግን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ሃይማኖት 200 ነው፤ ከ220 እስከ 289 ያለው በሙሉ ለክርስትና ተሰጥቶ የቀረው የዓለም ሃይማኖት ሁሉ፣ እስልምናውም ቡድሂዝሙም፣ 290 ውስጥ ታጭቋል። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን ሙሉ ለሙሉ ይዟል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የት ነው? 892.87 ላይ፤ ከነጥብ ወዲያ። ሐዲስ ዓለማየሁም በዓሉ ግርማም ከነጥብ ወዲያ ይኖራሉ ማለት ነው። ዲዊ ይህን ያደረገው በክፋት ነው ለማለት አይደለም። እሱ የሚያውቀውን ቤተ መጻሕፍት፣ በዚያም የነበሩትን መጻሕፍት ብዛት አይቶ ነው መሳቢያ የሠራው። ግን መሳቢያውን የሠራው ሰው ከሞተ በኋላም መሳቢያው ይኖራል፤ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ መሳቢያውን ባልሠሩት ሰዎች እጅ።

የዲዊን ሥርዓት ወስደው ካሰፉት መካከል ቤልጅጎቹ ፖል ኦትሌና ኦንሪ ላ ፎንቴን አሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1895 ብራስልስ ላይ ተቋም አቋቁመው በዓለም ላይ የታተመውን ሁሉ በካርድ ለመመዝገብ ተነሡ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በ1930ዎቹ መሳቢያዎቻቸው ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ካርድ ነበር። ጥያቄ ያለው ሰው በፖስታ ይጽፍላቸዋል፤ ሠራተኞቹ ካርዱን አውጥተው፣ ገልብጠው ይልኩለታል። ኦትሌ በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ወደፊት አንባቢው ከቤቱ ሳይወጣ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ መስኮት ከሩቅ ያለ መጽሐፍ በስልክ እያስጠራ እንደሚያነብ ጻፈ። ላ ፎንቴን በ1913 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸልሟል፤ ለሁለቱም ዕውቀትን ማደራጀትና ሰላም አንድ ጉዳይ ነበሩ። በ1940 ጀርመኖች ቤልጅግን ሲይዙ ክፍሎቹን ለራሳቸው የሥዕል ትርኢት ስለፈለጓቸው ስብስቡን አስወጡት፤ ከፊሉም ጠፋ። ኦትሌ በ1944 ሞተ። የተረፈው ዛሬ ሞንስ በምትባለው ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል።

ከሁሉ የምንወደው ግን ሕንዳዊውን ራንጋናታንን ነው፤ ለምን እንደምንወደው ለመናገር ትንሽ ቦታ ቢወስድ አንባቢ ይቅር ይበለን። ሰውዬው የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አደረገውና ሙያውን እንዲማር ለንደን ላከው። እዚያ የዲዊን ሥርዓት አይቶ አንድ ነገር ቆረቆረው፦ መጽሐፍ አንድ መሳቢያ ብቻ ያገኛል። ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ በጅማ፣ በ1960ዎቹ የተጻፈ መጽሐፍ ቢመጣ የት ይግባ? ግብርና? በሽታ? አገር? ዘመን? አንዱን መርጠህ ሌሎቹን ትተዋለህ። ራንጋናታን መፍትሔውን ያገኘው በለንደን ሱቅ ውስጥ መካኖ የሚባለውን የልጆች መጫወቻ አይቶ እንደሆነ ይተረካል፤ ከጥቂት ዓይነት ብረቶችና ብሎኖች ብዙ ዓይነት ነገር ይገጣጠማል። እሱም በ1933 ባወጣው ሥርዓት መጽሐፉን አንድ ቦታ ከመክተት ይልቅ ከአምስት ዓይነት ነገሮች ገጣጠመው፤ ከምንነቱ፣ ከቁሱ፣ ከድርጊቱ፣ ከቦታውና ከጊዜው። ክፍልፋዮቹን የሚያያይዘው ምልክት ሁለት ነጥብ ስለነበር ሥርዓቱም በዚያው ስም ይጠራል፤ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ስናይ ላደግን ሰዎች ደስ የሚል ነው።

ዛሬ ማንኛውም የገበያ ድረ ገጽ ላይ ጫማ የሚፈልግ ሰው በቁጥር፣ በቀለም፣ በዋጋ እያጣራ ሲሄድ የራንጋናታንን ሐሳብ እየተጠቀመ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በ1931 አምስት ሕጎች ጽፏል፤ መጻሕፍት እንዲሠራባቸው እንጂ እንዲጠበቁ እንዳልተፈጠሩ፣ የአንባቢውም ጊዜ መቆጠብ እንዳለበት ይናገራሉ። የመጽሐፍ መደርደሪያ በቁልፍ የሚዘጋበት ቤት የተማረ ሰው የመጀመሪያው ሕግ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ይገባዋል።

የኮምፒዩተሩን ዘመን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ቶሎ እንለፈው። ቫኔቫር ቡሽ በ1945 ዕውቀት በመሳቢያ ሳይሆን በማያያዣ መቀመጥ አለበት ብሎ ጻፈ፤ ቴድ ኔልሰን በ1965 ሃይፐርቴክስት የሚለውን ቃል ፈጠረ፤ ዳግላስ ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማውዝ ይዞ ጽሑፍን ከጽሑፍ እያያያዘ አሳየ። ቲም በርነርስ ሊ በመጋቢት 1989 ጄኔቭ አጠገብ ባለው የፊዚክስ ምርምር ማእከል ለሰርን ባቀረበው ሰነድ፣ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር መረጃ እየጠፋ መቸገራቸውን ገልጾ፣ ዛፍ በመሰለ ቅርንጫፍ መረጃን መደልደል እንደማይበቃ አስረዳ። በ1991 ሥራው ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1993 ሰርን ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቀቀው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይቀልዳል። ድር የተሠራው ከመሳቢያ ለማምለጥ ነበር። ገጾቹ ሲበዙ ግን ሰው ጠፋበት፤ ወዲያውም መሳቢያውን መልሰው አመጡት። በ1994 ሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች የወደዷቸውን ገጾች በየምድቡ ከፋፍለው ዘረዘሩ፤ ያሁ የሚባለው ድርጅት ከዚያ ተነሣ። ገጽን ከምድቡ የሚያስገቡት ሰዎች ነበሩ፣ አንድ በአንድ። ገጾቹ ከሰው አቅም በላይ ሆኑ፣ የፍለጋ ማሽኖችም በረቱ፣ ማውጫው በ2014 መጨረሻ ተዘጋ።

«የመረጃ ሥነ ሕንጻ» የሚለውን ስም ያስታወቀው ሪቻርድ ሶል ዉርማን የተባለ ሰው ነው፤ ሙያው የቤት ሥራ ንድፍ ነበር፤ በ1976 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው የአሜሪካ አርክቴክቶች ጉባኤ ርእስ አድርጎ አቀረበው። በ1989 ባወጣው መጽሐፍም መረጃ የሚደራጅባቸው መንገዶች አምስት ብቻ ናቸው አለ፤ በቦታ፣ በፊደል ተራ፣ በጊዜ፣ በምድብ ወይም በመጠን። ድረ ገጽ ላይ ያመጡት ግን ሉዊስ ሮዘንፌልድና ፒተር ሞርቪል ናቸው። በ1998 ያሳተሙት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የበረዶ ድብ ስላለበት ተማሪው ሁሉ «የድቡ መጽሐፍ» ይለዋል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የተማሩት ቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ነው እንጂ ምሕንድስና አይደለም። «የሰብአዊ ትምህርት ተማሪ ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?» እያሉ ለሚያሾፉብን ጓደኞቻችን ይህን እንድንነግራቸው ይፈቀድልን።

ዋየርፍሬም የሚለው ቃልስ? ቀራፂ ጭቃውን ከመለጠፉ በፊት ሽቦ አጥንት ያቆማል። ኮምፒዩተር ሥዕል መሣል ሲጀምር ደግሞ የመኪናና የአውሮፕላን ክፍሎችን ገጽታ መሙላት ከባድ ስለነበረ ጠርዛቸውን ብቻ በመስመር ያወጣ ነበር፤ ያንን የሽቦ ሥዕል አሉት። ስሙ ከዚያ ወደ ድረ ገጽ ሰዎች መጣ። ፍሎረንስ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፓውሎ ኡቼሎ የሣለው የጽዋ ንድፍ አለ፤ ከመስመር በቀር ምንም የለበትም፣ ከኮምፒዩተር የወጣ ነው ቢሉት ማን ይጠራጠራል?

ንድፉ ሆን ተብሎ የሚደበዝዝበት ምክንያት አለ። ቀለም ካለበት ሰው ስለ ቀለሙ ይከራከራል። ግራጫ ሲሆን ግን «ይህ ነገር ለምን ከዚያ ቀደመ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ይህን መጽሔት የሚያዘጋጁ ጓደኞቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ስቴንስል ላይ አንዴ ከተተየበ ማረም ጣጣ ነውና አስቀድመው በባዶ ወረቀት ላይ ቆጥረውና ሳጥን ከፋፍለው ነው የሚጀምሩት።

ከንድፉ በፊት ደግሞ ካርታ የመደልደል ሥራ አለ። ፈረንሳዮቹ በ1791 ካደረጉት ብዙም አይርቅም። በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸውን ነገሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለተማሪዎች ሰጠንና «የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር አድርጉ፣ ስምም ስጡት» አልን። ውጤቱ ብዙ አስተማረን። ቢሮዎች ነገሩን በቢሮ ይከፍሉታል፤ ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ጉዳይ፣ ፋይናንስ እያሉ። ተማሪው ግን በኑሮው ይከፍለዋል። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ መታወቂያን ከዶርምና ከካፌ ጋር አድርጋ «የገባሁ ሰሞን» ብላ ሰየመችው። ሌላው ክሊራንስን፣ ኮስት ሼሪንግንና ዲግሪ ማውጣትን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ልሄድ ስል» አለው። በዓለም ላይ ያሉ የድረ ገጽ አዋቂዎች ለዓመታት የሚለፈልፉት ይህንኑ ነው፤ የገጹ ክፍፍል የመሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የተጠቃሚውን ሐሳብ ይምሰል ይላሉ። ግን ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ማንበብና «ልሄድ ስል» የሚለውን በዓይን ማየት አንድ አይደለም።

እንግዲህ መገልበጥ የሚያስከትለው ጣጣ ብለን ያቆየነው ነገር ላይ ደርሰናል። ትንሽ ከሚመስለው እንነሣ። ንድፍ አውጪዎች ጽሑፉ ገና ባልተዘጋጀበት ቦታ ሎረም ኢፕሰም የሚባል ትርጉም የለሽ ላቲን ይሞላሉ፤ ምንጩ ኪኬሮ በ45 ከክርስቶስ ልደት በፊት የጻፈው መጽሐፍ ነው፣ ተቆራርጦና ተበላሽቶ። የአማርኛ ገጽ በዚህ ላቲን ተሞልቶ ሲነደፍ ሳጥኑ የላቲን ልክ ይሆናል። የላቲን ፊደል ከፍ ዝቅ ይላል፤ የእኛ ግን አብዛኛው ቁመቱ እኩል ነው፣ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። አማርኛው ሲገባ ገጹ ይጨናነቃል፣ አንባቢውም አማርኛ በኮምፒዩተር አይነበብም ብሎ ያማርራል። ርእስን በትልልቅ ፊደል ብቻ ጻፉ የሚለው ደንብም ለእኛ ትርጉም የለውም፤ ትልልቅ ፊደል የለንማ! ቁም ጸሐፊው ግን በቀይ ቀለም ይህን ችግር ፈትቶት ነበር። ስልክ ላይ ሦስት ዓምድ አይነበብምና ዛሬ ሁሉም ወደ አንድ ዓምድ ተመልሷል፤ ዳዊት የጻፈ ሰው ቢያይ አይገረምም።

ወደ ፍለጋው እንሂድ። ፊደላችን ለዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ሥርዓት ማለትም ለዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ይህ ተቃለለ። ያልተቃለለው «ፀሐይ» የሚለው ቃል ነው። በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ቢጻፍ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይሆናል፤ ሁሉም ይነበባሉ። ድረ ገጹ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በሌሎቹ አምስት የጻፈ አንባቢ «የፈለጉት አልተገኘም» ይባላል። መጽሐፉ እዚያው እያለ! የቋንቋ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው፤ ፊደላቱን ሁሉ አንድ አድርጎ ማጥፋትም መፍትሔ አይሆንምና። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ነው። ሲፈለግ አንድ ይሁኑ፣ ሲጻፉ ግን እንደ ተጻፉ ይቀመጡ፤ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። የፊደል ተራ ሲባልም ዉርማን አንድ መንገድ አድርጎ ቆጠረው፤ እኛ ሀለሐመ አለን፣ አበገደም አለን።

ስምም አለ። ቅጹ «የቤተ ሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። የአባቴን ስም ልጻፍ? የቤተ ሰብ ስም አይደለም፣ የአባት ስም ነው፤ የልጄ የአባት ስም ደግሞ የእኔ ስም ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አባትና ልጅ በተለያየ «የቤተ ሰብ ስም» ተመዝግበው ዝምድናቸውን ሲያስረዱ መዋላቸው የታወቀ ነው። የእኛም አገር ድርጅቶች ያንኑ ቅጽ በአማርኛ ተርጉመው እኛኑ ይጠይቁናል።

ቀንም እንዲሁ። ከውጭ የተገለበጠ ቅጽ የትውልድ ቀን ሲጠይቅ ወሩን ከዝርዝር ምረጥ ይላል፤ ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ነው። አንዳንዱ ተርጓሚ የወሮቹን ስም በአማርኛ ይተካና ጃንዋሪን ጥር ብሎ ያልፋል፤ የጥር 1 እና የጃንዋሪ 1 ልዩነት ከአንድ ሳምንት በላይ መሆኑን ማንም አይጠይቀውም። በጳጉሜን 3 የተወለደ ተማሪ ደግሞ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ ወሩን ያጣዋል። ነሐሴ 30 ይለዋል ወይም መስከረም 1 ይለዋል፤ ሬጅስትራር ሲደርስ የልደት ካርዱ ሌላ፣ ቅጹ ሌላ ይሆንና ማስረጃ አምጣ ይባላል። ባለፈው ሳምንት በሠራነው ዋየርፍሬም ላይ አሥራ ሦስተኛዋን ሳጥን ከነሐሴ ቀጥለን አስገብተናታል፤ ቀኖቿ አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ናቸው።